ሩዙ ሳሎን ተኝቶ ቤተሰቡ የት ይተኛ?

በታኅሣሥ ወር ወረታ የገባ ሰው የሩዙን ብዛት ለማወቅ የግድ ገበያ መውጣት አያስፈልገውም። የአንዱን ቤት በር አንኳኩቶ መግባት ይበቃዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከሚገኝ አንድ የአነስተኛ ነጋዴ ቤት ቡና ተጠርቶ ሲገባ፣ ሳሎኑን ያገኘው 20 ኩንታል ያልተፈተገ ሩዝ ተደርድሮበት ነው። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። ቴሌቪዥኑ ጆንያ ላይ ወጥቷል። የቤቱ እመቤት ጀበናውን ይዘው በክምሩ መካከል በጎን እየሾለኩ፣ «ልጄ፣ እዚያው ኩንታሉ ላይ አረፍ በል፤ ዘንድሮ ወንበራችን እሱ ነው» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሲመሽ ግን ሁለቱ ልጆች ፍራሻቸውን ከዚያው ክምር ሥር ሲያነጥፉ ሳቁ ቀረ።

አባወራው መፍትሔው ፎቅ መጨመር ነው ይላሉ። እንደ እርሳቸው የሚያስብ ብዙ ነው። «ጂ ፕላስ ዋን» ዛሬ የትልቅ ከተማ ሰው ብቻ ምኞት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከዚህ ይለያል፤ ትንሽ ቤት ያለው ቤተሰብ ፎቅ ከመጨመሩ በፊት የታችኛውን ቤት አከፋፈል ያስተካክል። የወረታ ቤተሰብ የሥራ ካፒታሉ የሚያድረው ባንክ ሳይሆን እዚያው ታች ቤት ነውና።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለ። የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት በመጣ ቁጥር የሚተኙበት፣ በከብቱ የታወቀ አገር ነበር። ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። ገበሬው እስከ ዛሬ «ኤክስ-ጅግና» የሚለው ዝርያ ስሙን ያገኘው የዚያ ዘመን ሙከራ ከተካሄደበት ከጅግና ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈተጊያ ከተማ ሆናለች፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው እዚያው ነው። ዝርያው ተለወጠ፣ ወፍጮው ተለወጠ፣ ገበያው ተለወጠ። የቤቱ አከፋፈል ግን ባለበት ቆሟል፤ ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላው ሳሎን፣ ከዚያ ጓዳ። ሩዙ በዚህ መካከል ቦታ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ያገኘውን ቦታ ይይዛል።

ከባዱ ነገር ወደ ላይ አይወጣም

«ፎቁ ሲያልቅ ሩዙን ወደ ላይ እናወጣዋለን» የሚል ካለ ከመሐንዲስ ጋር ይነጋገር። የመኖሪያ ቤት ፎቅ ሲነደፍ ከራሱ ክብደት ሌላ እንዲሸከም የሚታሰበው በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህ ለሰው፣ ለአልጋና ለቁምሳጥን ይበቃል። ሃያ ኩንታል ሩዝ ግን 2,000 ኪሎ ነው። 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 በሆነ መደብ ላይ እስከ ደረት ቢከመር በካሬ ሜትር ከ800 ኪሎ በላይ ያርፋል፤ ማለትም ፎቁ ከታሰበለት አራት እጥፍ። የእንጨት ቆጥ ከሆነማ ነገሩ የባሰ ነው።

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው የቻይና መንገድ ሄዶ ላሊበላ የደረሰ ሰው፣ ባለ ፎቅ የድንጋይ ክብ ቤቶችን አይቶ ይሆናል። የጥንቶቹ ግንበኞች ከብቱን ታች፣ ሰውን ላይ ያደርጉ ነበር። ሚዛን ሳይኖራቸው ሒሳቡን ያውቁት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ፎቅ ተሠራም አልተሠራም ሩዙ ታች ይቀራል። መልስ የሚሻው ጥያቄ ታች የት ነው የሚለው ነው።

በሌላ በኩል የፎገራ መሬት ለታች ቤት የማይመች ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ወለሉና ግድግዳው አብረውት ይንቀሳቀሳሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ወጥቷል። ጎርፍ ባይመጣ እንኳ እርጥበቱ ከሥር ይወጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው፤ ጆንያው ከላይ ሲነካ ደረቅ ነው፣ ከሥር ሻግቷል።

ነጋዴው ደግሞ ሌላም ነገር ልብ ይበል። ያልተፈተገ ሩዝ ጥቂት ወራት እንዲቆይ ከተፈለገ እርጥበቱ ከ14 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ደግሞ 13 በመቶና ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል። ደርቆ የገባ ሩዝ ቤት ውስጥ እንደገና እርጥበት ሲስብ ፍሬው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል። ከውጭ አይታይም። መፈተጊያ ቤት ሲደርስ ግን ይሰባበራል፤ ስባሪ ሩዝ ደግሞ የሙሉውን ዋጋ አያወጣም። ብዙ ጊዜ «ማሽኑ ሰበረብኝ» ተብሎ ባለ ወፍጮው ይወቀሳል እንጂ ሩዙን የሰበረው የሳሎኑ ወለል ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ነቀዙን ሲገድሉ ልጁን እንዳይነኩ

ከገንዘቡ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። እህል እንዳይነቅዝ ተብሎ በየቤቱ የሚጨመረው ፎስቶክሲን የሚባለው ኪኒን፣ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በበር ሥር አልፎ ሌላ ክፍል ይገባል። ለመመረዙ የታወቀ ማርከሻ የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ወይም በግድግዳ ከመኝታ ጋር በሚዋሰን ክፍል፣ ይህን ኪኒን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ሳሎኑ መጋዘንም መኝታም የሆነበት ቤተሰብ እንግዲህ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ ወይ እህሉን ለነቀዝ መስጠት፣ ወይ ልጆቹን ለአደጋ ማጋለጥ። የቤቱ አከፋፈል ሲስተካከል ቤተሰቡ ከዚህ ምርጫ ይወጣል። በደንብ የደረቀ እህል አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ቢታሰር ነቀዙ በአየር እጦት ይሞታል፤ ኪኒንም አያስፈልግም።

40 ካሬ ሜትር እንዴት ይከፈል?

አምስት ሜትር ወርድና ስምንት ሜትር ርዝመት ያለው ታች ቤት እንውሰድ። የግድግዳው ውፍረት ለጊዜው ይቅርና 40 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ጎኑ የግቢ መተላለፊያ አለው እንበል።

አንደኛ፣ የመንገዱ ፊት 5 ሜትር በ3 ሜትር ይሁን። ከዚህ 9 ካሬ ሜትሩ ሱቅ፣ በመተላለፊያው በኩል ያለው 6 ካሬ ሜትር የእህል ክፍል ይሆናል። የእህል ክፍሉ በር ወደ መተላለፊያው እንጂ ወደ ሳሎን አይከፈት። ሸክም የያዘ ሰው በቡና ረከቦት ላይ አይራመድም፤ አይጡም ከእህሉ ወደ ሳሎን አቋራጭ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ መካከሉ 5 በ3 ሜትር ሳሎን ይሁን። መግቢያውና መስኮቱ በመተላለፊያው በኩል ይሆናል። ዛሬ ብዙ ሳሎን ጨለማ የሆነው ሱቁ የመንገዱን ብርሃን ሲወስድ ሌላ መስኮት ሳይከፈትለት ስለቀረ ነው። የበሮቹ አቀማመጥም ይታሰብበት። የመግቢያው በርና የመኝታው በር በአንድ ጥግ ከሆኑ ሰው የሚመላለስበት ቦታ ትንሽ ይሆናል። በሮቹ በተቃራኒ ማዕዘን ከሆኑ ግን ሰው ሳሎኑን በሰያፍ ስለሚያቋርጠው መሀሉ ዕቃ የማይቀመጥበት መንገድ ሆኖ ይቀራል። ስንቱ ቤተሰብ ነው «ሳሎናችን ጠበበ» የሚለው፣ የጠበበው ግን በበሩ ምክንያት የሆነው?

ሦስተኛ፣ የኋላው 5 በ2 ሜትር መኝታ ይሁን። በእህሉና በመኝታው መካከል ሳሎኑ ይቆማል ማለት ነው።

አራተኛ፣ እሳትና ውሃ ከእህሉ ይራቁ። ማዕድ ቤቱ፣ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ ከኋላ ግቢ በአንድ ረድፍ ቢሠሩ አንድ የውሃ መስመር ይበቃቸዋል። ጭሱም ከሳሎን ይወጣል።

አምስተኛ፣ የእህል ክፍሉ ወለል ከግቢው ከፍ ይበል። ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፤ በገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቅጠቅ፤ ከሲሚንቶው ሥር ፕላስቲክ ይነጠፍ። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ከግድግዳም ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። ከላይ የተጠቀሰው የ20 ኩንታል ክምር በ6 ካሬ ሜትሩ ውስጥ ከነመተላለፊያው ይገባል።

ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ያሰበ ደግሞ መሠረቱን ከወዲሁ ያሳስብ፤ ደረጃውንም በውጭ በኩል ያድርገው። በሳሎን ውስጥ የሚወጣ ደረጃ የታችኛውን ቤት ከመቀነሱም በላይ፣ ላይኛውን ለብቻው ለማከራየት አይመችም። ደላሎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሩዝም ተከራይ ነው

«6 ካሬ ሜትር ለሩዝ ከምሰጥ ሱቁን ባሰፋው አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሒሳብ ይገኛል። በመኸር ጊዜ ሁሉም ሰው ገንዘብ ስለሚፈልግ ሩዙ አንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ማስቀመጫ የሌለው በቸኮለ ዋጋ ይሸጣል። እንበልና ስድስት ወር የጠበቀ ሰው በኩንታል የ500 ብር ብልጫ አገኘ። በ20 ኩንታል 10,000 ብር ነው፤ በወር ሲከፈል 1,667 ብር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ የከረጢቱን ወጪና ብድር ካለ ወለዱን ቀንሱ። ለዚያች 6 ካሬ ሜትር ከቀሪው የበለጠ የሚከፍል ተከራይ ካለ፣ ይግባ። ከሌለ ግን ሩዙ ራሱ ተከራይ ነው፤ ኪራዩንም በክረምት ይከፍላል።

ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ሩዝ ከውጭም ስለምታስገባ የወረታ ነጋዴ የሩቁንም ገበያ መከታተል አለበት። ህንድ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ፣ ክልከላውን ያነሣችው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው ውሳኔ ዋጋን ወደ ላይም ወደ ታችም ይወስዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ጭነት ይቆማል። ያን ጊዜ ሩዙ ቤት የሚያድረው ባለቤቱ ዋጋ መጠበቅ ስለፈለገ ሳይሆን መኪና ስላልመጣ ነው። ደረቅ ክፍል ያለው ሰው ያን ጊዜ ቢያንስ ያለውን አያበላሽም። መሸጥም መጠበቅም የሚችል ነጋዴ ከገዢው ጋር እኩል ይነጋገራል፤ መጠበቅ የማይችል ግን የተባለውን ይቀበላል።

ቤት ለመግዛት ወረታ የሚወርዱ ባለሀብቶችም ጥያቄያቸውን ይለውጡ። እስካሁን ለደላላው የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ሱቅ ይወጣዋል?» የሚል ነው። ከእንግዲህ «እህሉ በየት ይገባል? ክረምት ወለሉ ይረጥባል ወይ? መኝታው ከእህሉ ይርቃል ወይ?» የሚሉትም ይጨመሩ። ገዢ የሚጠይቀውን ሻጭ ይሠራል፤ ነፃ ገበያ ማለት ይኸው ነው።

ለእኚያ አባወራ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህንኑ ሒሳብ በወረቀት ሠርቶ ሰጥቷቸዋል። አባወራው ወረቀቱን ጥቂት አዩና፣ «ታዲያ ያችን የጎን በር ለማውጣት አንድ ግንበኛ ይበቃኛል ማለት ነው» አሉ። በእርግጥም ይበቃል። ፎቁ ከነብረቱና ከነሲሚንቶው ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል። የሚቀጥለው ታኅሣሥ ግን አይዘገይም፤ ልጆቹም እስከዚያ ከጆንያው ሥር መነሣት አለባቸው።