ገብስ ከሆነ ገብስ በሉን

ሰሞኑን ኒው ኦርሊያንስ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ ቤት መጣ። በእጁ የቡና ቆርቆሮ ይዟል። «ለኢትዮጵያዊ ቡና ይዞ መምጣት ድፍረት ነው፣ ግን ይሄኛው ይለያል» አለኝ። ቆርቆሮው ላይ በትልቁ «ቡና ከቺኮሪ ጋር» ይላል።

ቺኮሪ ምን መሰላችሁ? አውሮፓ ውስጥ መንገድ ዳር ሁሉ የሚበቅል፣ ሰማያዊ አበባ ያለው ተክል ነው። ቅጠሉ መረር ይላል፤ ሰላጣ ይሠሩታል። ቤልጂጎች ደግሞ ሥሩን ጨለማ ክፍል ውስጥ አቆጥቁጠው ነጭ፣ ለስላሳ ቅጠል ያወጡበታል። ሥሩ ደርቆ፣ ተቆልቶ ሲፈጭ መልኩ ቁርጥ ቡና! ካፌይን ግን የለውም።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1806 ከእንግሊዝ ጋር መነገድን ሲከለክል ቡና እየጠፋ ሄደና ፈረንሳዮች ወደዚህ ሥር ዞሩ። ኒው ኦርሊያንስም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወደቧ ሲዘጋ ያላትን ቡና በቺኮሪ አብቃቃች። ጦርነቱ አለፈ፣ ቡናው ተመለሰ፤ ሰው ግን ጣዕሙን ስለለመደው እስከ ዛሬ በወተት ይጠጣዋል።

እኛስ? በደርግ ጊዜ ቡና ሲጠፋ እናቴ ገብስ ቆልታ ትቀላቅል ነበር። ጎረቤት ሲሰበሰብ ግን አቦሉ ሳይቀዳ «ዛሬ ገብስ አለበት፣ እንዳትታዘቡኝ» ትላለች። ማንም አልታዘባትም። ሁሉም ቤት ያው ነበራ!

ባለፈው ወር «ንጹህ ቡና» ተብዬ የገዛሁት ዱቄት ግን ጀበናው ውስጥ እንደ አጥሚት ወፈረ። ሻጩን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ቡና ስንት እንደገባ ያውቃሉ?» አለኝ። አውቃለሁ! የከፈልኩት እኮ በቡና ዋጋ ነው።

እንደኔ እንደኔ መቀላቀሉ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው። ቡና ከተወደደ «ግማሽ ቡና፣ ግማሽ ገብስ» ብሎ ጽፎ ዋጋውን ቀንሶ መሸጥ ይቻላል። አቅሙ ያልፈቀደለት አውቆ ይገዛል። ማታ ቡና እንቅልፍ የሚነሳን እንደኔ ያለን ሰዎችም እንገዛለን። ገብስ የማይስማማው ደግሞ ያልፈዋል። ሳይነግሩ መሸጥ ግን የሰውን ገንዘብም ጤናም መንካት ነው። «የቡና አገር ነን» እያልን በገዛ ቡናችን ስንታለል ያሳፍራል።

ጊዜ ያላችሁ ጥሬውን ገዝታችሁ ቤት ቁሉ። ከሥራ ወደ ሥራ የምትሮጡት ልጆቼ ግን ምን ታደርጋላችሁ? የተፈጨውን አምናችሁ ነው የምትገዙት። ገጥሟችሁ ከሆነ ጻፉልኝ።

የተማሪዬን ስጦታ እሁድ አፈላዋለሁ። ጎረቤቶቼን ስጠራም አስቀድሜ «ቺኮሪ አለበት» እላለሁ።