እናት ለጉዞ ሲነሡ ሰዓቱን ማን ያሰላል?

አንዲት የሰፈራችን እናት ዋሽንግተን የምትኖረውን ልጃቸውን ሊያርሱ ተነሡ። በርበሬው ተፈጨ፣ የአጥሚቱ እህል ተሰናዳ፣ ሻንጣው ተቆለፈ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት 22፡15 ነበር። ቤተሰቡ ከዚህ ላይ 12 ቀነሰና «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ነው» ብሎ ጋደም አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከተነሣ 4 ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ልጅቱም እናቷ ሳይደርሱላት ወለደች።

ውድ አንባቢያችን፣ ይህ በእርስዎም ቤት እንዳይደርስ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የቲኬት ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከ18 በላይ ከሆነ 18 ይቀንሱለት፤ 22፡15 ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ቀኑም እንዲሁ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። «ማክሰኞ 00፡30» ቢል እኛ የሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል የምንለው ነውና ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ መውጣት ከንቱ ድካም ነው።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር መንገዱ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከደለስ ወደ ቦሌ ሲመለሱ ሳያርፉ የሚመጡትም በዚሁ ጊዜ ነው። ሲሄዱ ግን ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። በመሆኑም መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። በከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ፊት ለፊት ይገፋዋል።

ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በበጋቸው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ የተነሡ እናት 17 ሰዓት ቢጓዙ፣ እዚያ ሲደርሱ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ነው። በወረቀት ሲታይ የ10 ሰዓት መንገድ ይመስላል፤ እግራቸው ግን 17ቱንም ሰዓት ይቆጥራል።

ስለዚህ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚወስዱ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ይጠየቅ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ በሻንጣ አይላክ። ለረጅም ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ በእግር ላይ ደም ሊያረጋ ስለሚችል በየጊዜው ተነሥተው ይራመዱ፤ ሲቀመጡም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ውሃም ይጠጡ።

በመጨረሻም የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ የተቀባዩንም ስልክ ቁጥር በአማርኛ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ያኑሩላቸው። ደለስ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና ተቀባዩም ቀደም ብሎ ይነሣ። እናት በባዕድ አገር በር ላይ ቆመው ሰው ሲጠብቁ ማየት ለማንም ልጅ ደስ አያሰኝም።