አራት ፊደል የቆጠረ ተፈታኝ

«ጥያቄው ይደጋገማል» የሚለው አባባል በ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት ውስጥ እንደ ሕግ የሚጠቀስ ምክር ነው። ሙሉ መልኩ «የአሥር ዓመት የድሮ ጥያቄ የሠራ አይወድቅም» ይላል። ፈተናው ሲቃረብ በአሶሳም በባምባሲም በግልገል በለስም ይነገራል፤ ተናጋሪው አስጠኚ፣ ታላቅ ወንድም ወይም ተማሪ እንዲያነቃቃ የተጋበዘ እንግዳ ነው። አባባሉ የሚወደደው ስለሚያጽናና ነው። ተማሪው ፈተናውን መረዳት የለበትም፤ የሚያውቀው ሰው መንገድ ላይ እንደሚያጋጥመው ሁሉ ጥያቄውን ዳግም ማግኘት ብቻ ይበቃዋል። ለመካሪውም ምቹ ነው፤ ፊዚክስ ለማስረዳት ፊዚክስ ማወቅ ያስፈልጋል፣ «ይደጋገማል» ለማለት ግን ምንም ማወቅ አያስፈልግም።

የልማዱ አሠራር ቀላል ነው። ያለፉት ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄዎች በፒዲኤፍ ከቴሌግራም ይወርዳሉ፤ ስልክ የሌለው ተማሪ ፎቶኮፒ አስደርጎ ይጠርዛቸዋል። የመልስ ቁልፉ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ ጥራዙ ቶሎ የሚያልቀውም የሚቆሽሸውም በዚያ ገጽ በኩል ነው። ከዚያ ችከላ ይጀመራል። ከማንጎ ጥላ ሥር ሦስት ተማሪዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር ያነባል፣ ሁለተኛው መስመሩ ሳያልቅ «ሲ!» ይላል፣ ሦስተኛው ቁልፉን አይቶ «ልክ ነው» ይላል። «ለምን ሲ ሆነ?» የሚል አይገኝም። «ለምን» ጊዜ ይፈጃል፤ በአንድ ከሰዓት 200 ጥያቄ «ሠራሁ» ብሎ ወደ ቤት መግባትም አያስችልም።

በአማርኛ የተማረ ሰው «ፊደል የቆጠረ» ይባላል። የዚህ ዓይነቱ ተማሪም ፊደል ቆጥሯል፤ የቆጠረው ግን አራት ብቻ ነው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ።

ልማዱ የትውልድ ሐረግ አለው፤ አባቱ ኩረጃ ነው። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በመውጣቱ ብሔራዊ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ ነበር። በዚያ ዘመን የፈተና ሸቀጥ ፊደል ነበር፤ በስልክ መልእክት፣ በወረቀት ቁራጭ፣ በጣት ምልክት ይተላለፍ ነበር። ተቀባዩ ፊደሉ የምን ጥያቄ መልስ እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ተራ ቁጥሩን ካልሳተ በቂ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሚኒስትርነት የ2014 ትምህርት ዘመንን ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያዛውር፣ ስልክ ወደ ግቢ እንዳይገባ ሲከለከልና ተፈታኙ ከሰፈሩ ሲለይ፣ ይህ ንግድ ተዘጋ። ኩረጃ ግን አልሞተም፤ ከመፈተኛ ክፍል ሲባረር ማጥኛ ክፍል ገባ። ድሮ ከጎን ከተቀመጠው ይኮረጅ የነበረው ፊደል ዛሬ ካለፈው ዓመት ተፈታኝ ይኮረጃል። ልዩነቱ የዛሬው ሕጋዊ መሆኑና «የጥናት ስልት» የሚል ማዕረግ ማግኘቱ ነው።

የውጤቱ ታሪክ የታወቀ ነው። በ2014 ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 አኃዙ 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ደርሰው ነበር። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። «ይደጋገማል» የሚለው ምክር በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሲሰጥ ነበር። ምክሩ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል።

ጥያቄዎቹ አራት አራት ምርጫ አላቸው። ምንም የማያውቅ ተፈታኝ በጭፍን ቢያጠቁር ከ100 ጥያቄ በአማካይ 25 ያገኛል። የጥያቄዎቹን ሲሶ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ተማሪ ደግሞ ከዚያ 33 ያህል ይይዛል፤ ከቀሩት 67 በግምት 17 ያህል ይጨምርና 50 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከድሮው ጥያቄ ሲሶው ብቻ እንዳለ ቢደገም፣ ቁልፉን የሸመደደ ሁሉ ሌላውን በጭፍን አጥቁሮ ማለፊያውን በነካ ነበር። ግማሹ ቢደገም ኖሮ በየወረዳው ድግስ ይደገስ ነበር። ጥራዙ በየተማሪው ቦርሳ ውስጥ እያለ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ከወደቁ፣ ወይ ጥያቄው አልተደገመም፣ ወይ ተደግሞም ተማሪው አላወቀውም። መካሪው ከሁለቱ የወደደውን ይምረጥ፤ በሁለቱም ምክሩ ወድቋል።

ሁለተኛው ዕድል፣ ማለትም ተደግሞም አለማወቁ፣ ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። ፊዚክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የተለመደ ነው፦ ድንጋይ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? የስበት ፍጥንጥነት 10 ነው፤ ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሰከንድ ናቸው። ከፍታውን በ2 አባዝቶ ለ10 ማካፈል 4 ይሰጣል፤ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው፤ መልሱ ቢ። ቸካዩ «ድንጋይ፣ ቢ» ብሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ዓመት ፈታኙ 20ውን አጥፍቶ 45 ይጽፋል፤ ድንጋዩ ያው፣ ዐረፍተ ነገሩ ያው፣ ምርጫዎቹም ያው ናቸው። መልሱ 3 ሰከንድ፣ ሲ ሆኗል። ቸካዩ ግን የድሮ ወዳጁን ያገኘ መስሎት እየሳቀ ቢን ያጠቁራል፤ ያልቸከለው ቢያንስ ይጠራጠር ነበር። ጥያቄው በእርግጥ ተደግሟል፤ የተደገመው ግን ሐሳቡ እንጂ ፊደሉ አይደለም። ሐሳቡን የያዘ ተማሪ ቁጥሩ ቢቀየር አይደነግጥም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ወረዳ ከቆመው የሕዳሴ ግድብ ላይ ድንጋዩ ከ145 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅስ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የአየሩን ሰበቃ ትቶ የ29ን ስኩዌር ሩት ይፈልጋል፤ 5.4 ሰከንድ ያህል ብሎ ይመልሳል። ይህን ያሰላው የትኛውም የመልስ ቁልፍ አይደለም።

የምክሩ ጠበቆች እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳይንስ ይጠቅሳሉ፤ ራስን በጥያቄ መፈተን ከሁሉ የተሻለ የጥናት ዘዴ መሆኑ ተረጋግጧል ይላሉ። እውነት ነው፤ ለእነርሱ ግን አይመሰክርም። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው አንድ ጊዜ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታውሰዋል። ራሳቸውን የፈተኑት ግን ምርጫ በማጥቆር አልነበረም፤ ጽሑፉ ተወስዶባቸው ያስታወሱትን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ በመጻፍ ነበር። ፊታቸው የመልስ ቁልፍ አልተዘረጋም። ቁልፉን አይቶ «አዎ፣ ይሄንን አውቀዋለሁ» ማለት ከዚህ ሙከራ ጋር የሚያዛምደው ስሙ ብቻ ነው።

ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሀሁን በዜማ ያስቆጥሩና፣ ልጁ ዜማውን እንጂ ፊደሉን እንዳልያዘ ስለሚጠረጥሩ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አቡጊዳ ያንኑ ፊደል ተራውን አዘበራርቆ ያቀርባል፤ በዜማ የሸመደደው እዚያ ይጋለጣል። የቁርኣን ተማሪም ከእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የሚያጥበው ሰሌዳውን ሳያይ በመምህሩ ፊት ከወጣለት በኋላ ነው። ሁለቱም ቤቶች ሽምደዳን አይንቁም፤ እንዲያውም ይኖሩበታል። የሚንቁት የውሸት ሽምደዳን ነው። የኔታ ከስንት ዘመን በፊት ያወቁትን፣ ተራ የተቀየረበት ፊደል ማንነትን እንደሚገልጥ፣ የዛሬው አስጠኚ በቴሌግራም ዘመን አላወቀውም። የብሔራዊ ፈተናው ቡክሌት በተለያየ ኮድ ታትሞ የጥያቄ ተራ ሲቀያየርም፣ የሚታየው ያው አቡጊዳ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምክሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚጎዳው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ልጁ ቤቱ ውስጥ በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ ማኦኛ ወይም ኮሞኛ ይናገራል፤ ገበያና መንገድ ላይ አማርኛ ያገኘዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆናሉ። የዚህ ተማሪ ፈተና የሚጀምረው ከጥያቄው ዐረፍተ ነገር ነው። በምርጫ ጥያቄ ውስጥ በትልቅ ፊደል የተጻፈች «ኤክሴፕት» የምትባል ቃል መልሱን ትገለብጠዋለች፤ «ከሚከተሉት ውስጥ የቱ ነው» የነበረው «የቱ አይደለም» ይሆናል። ፊደል ሲቸክል የከረመ ተማሪ ይህችን ቃል ረግጧት ያልፋል፤ ምክንያቱም ጥያቄውን እስከ መጨረሻ ማንበብ የለመደው ነገር አይደለም። አንድ የባዮሎጂ ገጽ በቀን ቀስ ብሎ አንብቦ፣ የማያውቀውን ቃል እየጻፈ፣ የገባውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለጓደኛው መንገር ለዚህ ልጅ ከ200 ጥያቄ ቁልፍ ይበልጥበታል። በፈተናው ስድስቱም የትምህርት ዓይነቶች የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ እንግሊዝኛው ለሒሳቡም ለኬሚስትሪውም በር ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት የጎደሉት ዓመታት ናቸው። በ2018 12ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 6ኛ ክፍል ነበር። በካማሺና በመተከል ዞኖች ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በተለያየ ጊዜ ባገረሸው ግጭት ሕዝብ ተፈናቅሏል፣ ትምህርት ተቋርጧል። ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ኢኩዌሽን የሚሰጡት በእነዚያ ዓመታት ነው። የ12ኛ ክፍል የሎጋሪዝም ጥያቄ ያቃተው ልጅ ያቃተው ብዙ ጊዜ ሎጋሪዝሙ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ክፍልፋይ ነው። የመልስ ቁልፉ ይህን ጉድጓድ አይሞላም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ጀምሮ በመቅረቱ፣ ጉድጓዱ እስከ 12ኛ ክፍል ፍጻሜ ተሸፍኖ ቢቆይ የሚያስደነግጥ አገር አቀፍ ውጤት መሃል ላይ የለም። ከዚያ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ማጠናከሪያ፣ የቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል፣ የጥያቄ ጥራዝ ይጎርፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ እንዲያውም ውሻው የሚጮኸው ባለፈው ዓመት ጅብ አቅጣጫ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ከጥራዙ ውስጥ ብዙው የወጣው ዛሬ ከማይማሩት መጽሐፍ ነውና።

ተማሪው ሲወድቅ መካሪው «በደንብ አልሠራውም» ይላል። ይህ ምክሩን ከመውደቅ የሚያድን ብልሃት ነው፤ ያለፈ ተማሪ ስልቱን ያስመሰግናል፣ የወደቀ ራሱን ይወቅሳል። ከመቶ ዘጠናውን እየጣለ ስሙ የማይጎድፍ መድኃኒት ቢኖር ይህ ነው።

የድሮ ጥያቄ መጣል የለበትም፤ የሚጣለው ቁልፉ ነው፣ ቢያንስ እስከ መጨረሻው። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ምርጫዎቹ በወረቀት ይሸፈናሉ፤ ጥያቄው ብቻ ይነበባል፤ መልሱ በደብተር ላይ ከነሥራው ይጻፋል። ከዚያ ምርጫዎቹ ይገለጣሉ፤ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ለምን ስሕተት እንደሆኑ በአንድ በአንድ መስመር ይገለጻል። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ወደ መጽሐፉ ምዕራፍ ይመራል፤ ምዕራፉ ካልገባ ወደ 9ኛው፣ ካስፈለገም ወደ 7ኛው ክፍል መጽሐፍ ይወረዳል፤ ይህም አያሳፍርም። በመጨረሻ ቁጥሩ ወይም አንድ ቃል ተቀይሮ ጥያቄው ዳግም ይሠራል። በዚህ አካሄድ በአንድ ከሰዓት የሚሠራው 200 ሳይሆን ስምንት ወይም አሥር ጥያቄ ነው። ሥራው በ12ኛ ክፍል ሚያዝያ ሳይሆን በ9ኛ ክፍል መስከረም ሲጀመር ጊዜው ይበቃል። የመልስ ቁልፉ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔም ለማረሚያ ብቻ ነው።