ፋንድያውን ማን ያንሳ?

የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ጫግኒ ውስጥ ዝንብ ይፈላል። ልኳንዳ ቤቱ ሥጋውን ይጋርዳል፤ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ እንጀራውን ለመክደን ይሯሯጣል፤ ባለሱቁ ፍሊት ይቸበችባል። ማታ በር ተዘግቶ ይረጫል፣ ጠዋት የሞተው ይጠረጋል። ረፋድ ላይ ሌላ መንጋ ገብቶ ሰፍሯል።

ዝንብ ሳሎን ውስጥ ታርፋለች እንጂ አትራባም። አንዲት እንስት በአንድ ጊዜ እስከ 150 እንቁላል ትጥላለች፤ ያውም ደጋግማ። የምትጥለው እርጥብ ፋንድያ፣ እበት ወይም የበሰበሰ የማንጎ ልጣጭ ላይ ነው። እንቁላሉ በአንድ ቀን ትል ይሆናል፤ ሙቀት ካገኘ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ከእንጅባራ ደጋ ዝቅ ብላ የተቀመጠችው ጫግኒ ሙቀት አይቸግራትም። ፋንድያም አያጥራትም፤ በ1932 ዓ.ም. የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በተመሠረተበት በአዊ ምድር ፈረስ የቤት ክብር ነው። ከተማዋ ለፍሊት የምታወጣውን ገንዘብ ወደ ፋንድያው ብታዞር የሚያዋጣትም ለዚህ ነው።

መርጨት አይሠራም ማለት ግን ውሸት ነው። ጋምቢያ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ መድኃኒት በተረጨባቸው መንደሮች ሕፃናት ፊት ላይ የሚያርፈው ዝንብ 88 በመቶ ሲቀንስ፣ መጸዳጃ ቤት በተሠራባቸው 30 በመቶ ብቻ ቀንሷል። ቁጥሩ ለርጭት ይፈርዳል። ይሁንና ርጭት ሲቆም ዝንቡ ይመለሳል፤ ሲደጋገም ደግሞ ይለመዳል። ዲዲቲ በዓለም ገበያ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ ስዊድን ውስጥ የማይገድላቸው የቤት ዝንቦች ታይተዋል። ደግሞስ ሊጥና ወጥ ባለበት ክፍል መርዝ መንፋት ምን የሚሉት ጽዳት ነው?

መጸዳጃ ቤትስ? ምሥራቅ ጎጃም፣ ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ20 ሺህ በላይ መጸዳጃ ቤት የተቆፈረው በትራኮማ ምክንያት ነበር። ዓይን ላይ የምትርመሰመሰው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ትራባለች፤ ጉድጓድ ውስጥ የገባው አይመቻትም። የወጥ ቤቷ ዝንብ ግን ሌላ ዘር ናት። መጸዳጃ ቤት ተቆፈረም አልተቆፈረ፣ እርጥብ ፋንድያ እስካገኘች ድረስ ግድ የላትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? በበጋ መልሱ ከጥንት ጀምሮ በእናቶች እጅ ነው። እበት በስሱ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለማገዶ ኩበት ይሆናል፤ ትሉ ደግሞ እርጥበት አጥቶ ይሞታል። በክረምት ፀሐይ ስለሌለች ክምር ይሻላል። ፋንድያው ከገለባና ከቅጠል ጋር ተቀላቅሎ በደንብ ሲከመር መሐሉ ከ50 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ይህን ሙቀት ትል አይችለውም። ዳር ዳሩ ግን ስለሚቀዘቅዝ ትሉ ወደዚያ ይሸሻል። ስለዚህ ክምሩ በየጊዜው መገልበጥ፣ ላዩም በላስቲክ ተሸፍኖ ጠርዙ በአፈር መቀበር አለበት። እዚህ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ኪሳራ ነው፤ ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት በሚሆነው ሙሽሬ ላይ እንቁላል እየጣሉ የሚጨርሱትን ጥቃቅን ተርቦች አብሮ ይፈጃል።

የሃይላንድ ጠርሙስም ያግዛል። አንገቱ ተቆርጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ ይሰካል፣ ውስጡ የበሰበሰ ልጣጭ ከውኃ ጋር ይደረጋል፤ ዝንቧ ትገባለች፣ መውጫው ይጠፋባታል። በር ላይ የሚሰቅሉት ግን እንግዳ እየጠሩ ነው፤ ቦታው ከግቢ ዳር ነው። የካህናቱና የሽማግሌዎቹ ጭራስ? ለግርማ ሞገስ ያምራል፤ ዝንቡን ግን ወደ ጎረቤት ከመሸኘት አያልፍም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ ስለ ፋንድያ ዝም ባለ ከተማ ግን ይገባል። አንድ ባለቤት በረቱን ቢያጸዳ የጎረቤቱ ክምር ዝንቡን ያመጣበታልና ጉዳዩ የማዘጋጃ ቤት ነው። ከጋሪ ማቆሚያ፣ ከከብት ገበያና ከቄራ የሚወጣው ቆሻሻ በሳምንት ሁለቴ ቢነሳ ትሉ ክንፍ ሳያወጣ ይደረስበታል፤ በ15 ቀን አንዴ ማንሳት ግን አንድ ሙሉ ትውልድ ማሳደግ ነው። የሚነሳው ፋንድያም ወንዝ ዳር መደፋት የለበትም። የማዳበሪያ ዋጋ ያንገሸገሸው የዙሪያው የጓንጓ ወረዳ ገበሬ ኮምፖስቱን ይፈልገዋል፤ ማዘጋጀቱንም ሥራ አጥ ወጣቶች ተደራጅተው ሊይዙት ይችላሉ። የሚጎድለው ከከተማው ወጣ ያለ፣ ጎርፍ የማይደርስበት መከመሪያ ቦታ ነው፤ እሱም ግንቦት ሳይገባ መለየት አለበት።