ለዘጠነኛ ክፍል ማን ይድረስ?

በአገራችን እንደ ትምህርት ብዙ የሚነገርለት፤ እንደ ፈተናም ብዙ የሚፈራ ነገር የለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ወላጅ ያዝናል፤ ጋዜጣ ይጽፋል፤ ባለሥልጣን ይገሥጻል፤ እኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻይ ቤት ተቀምጠን እንተቻለን። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ውጤት ድረስ ሁሉም ዝም ይላል። ባላገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወደቀ የምንለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ዘጠነኛ ክፍል በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑን፤ እርዳታችንም መሄድ ያለበት ወደዚያ መሆኑን ነው።

ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቢሆንም እንድገመው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተሰጠው 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኑ። አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ የነበሩበትንም ዓመት አይተናል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በ2017 እንኳ ከመቶው ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ግማሽ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም።

የነገሩን ሥር ለማየት የትምህርቱን አደረጃጀት እንመልከት። ቀድሞ በአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነበረ፤ በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። ያ ፈተና ብዙ ልጅ ከመንገድ ያስቀረ ስለ ነበር መቅረቱን አንቃወምም። ነገር ግን ከጉዳቱ ጋር አንድ ጥቅም ነበረው፤ ተማሪው በጉዞው አጋማሽ ላይ ቆሞ ራሱን ያይ ነበር። ዛሬ ልጁ የስምንተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ካለፈ በኋላ እስከ አሥራ ሁለተኛ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመለከተው የለም። በዘጠነኛ ክፍል የጎደለው ነገር በአሥረኛ አይጠየቅም፤ በአሥራ አንደኛ አይነሣም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በመካከሉም ሌላ ቁርጥ ነገር አለ። በዘጠነኛና በአሥረኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል፤ ከአሥራ አንደኛ ጀምሮ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ይከፈላል። በዘጠነኛ ሒሳብ ያመለጠው ልጅ ያን ጊዜ የሚመርጠው የሚወደውን አይደለም፤ ከሚፈራው የሚሸሽበትን ነው። ታሪክንና ጂኦግራፊን ወድዶ የሚገባ ቢኖር እሰየው፤ ሒሳብን ፈርቶ የሚገባው ግን ኢኮኖሚክስ ላይ ሒሳቡን መልሶ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ በመላው አገር ያለ ነው። እኛ ግን የምናውቀውን የትውልድ ቦታችንን ወረታንና የፎገራን ሜዳ ምሳሌ አድርገን እንናገር። ፎገራን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልበት ከተማ ወረታ ነው። ከከተማው ወዲያ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ይባላል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ይህን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ከዳርቻቸው ወጥተው ያጥለቀልቁታል። ሜዳው በከብቱ የታወቀ ነበር፤ ከደርግ ዘመን ወዲህ ግን በጅግናና በሻጋ የተጀመረው ሩዝ ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖት፤ ዛሬ ወረታ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኝባት ከተማ ሆናለች። በበጋም ገበሬው ከወንዞቹ ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ይህ በረከት ነው፤ ማንም አይጠላውም።

ነገር ግን የሩዙን ዘመንና የትምህርቱን ዘመን ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። በመስከረም ሜዳው ገና ውኃ ነው፤ ጎርፉ በከበደባቸው ዓመታት፤ ለምሳሌ በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት፤ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። የሩዙም አረም አላለቀም። ሩዝ እንደ ሌላው እህል አንድ ጊዜ ታርሞ የሚተው አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ይታረማል፤ ለዚህም የቤተ ሰቡ እጅ በሙሉ ይፈለጋል። ጥቅምት ጥቂት ፋታ ይሰጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ከዚያ ሽንኩርቱ ይከተላል፤ ጉልበት ያለው ልጅም በቀን ሥራ ጥሬ ገንዘብ ያገኛል። እንግዲህ የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከእነዚህ ሥራዎች ጋር አንድ ላይ ይውላል ማለት ነው። ልጁ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይቀራል። የቀረበት ቀን ደግሞ እንደ ማንኛውም ቀን አይደለም፤ አዲሱ ትምህርት በአዲስ ቋንቋ የተጀመረበት ቀን ነው።

የቋንቋው ነገር ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይበቃዋል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ በአንድ መስከረም ፊዚክሱን፤ ኬሚስትሪውን፤ ባዮሎጂውን፤ ታሪኩንና ኢኮኖሚክሱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይቀበላል። በአማርኛ ሁለቱንም ፍጥነት ብለን የምናልፋቸውን ስፒድና ቬሎሲቲ ለይ ይባላል። በገበያ የሽንኩርቱን ክብደት በኪሎ ሲመዝን የኖረ ልጅ፤ የፊዚክስ መጽሐፉ «ኪሎግራም የሚለካው ማስን ነው፤ ዌይት ግን በኒውተን የሚለካ ሌላ ነገር ነው» ሲለው፤ የሚያውቀውን ሁሉ የተቀማ ይመስለዋል። ይህ ልጅ ደንቆሮ አይደለም። የአንድ ኩንታል ሩዝ ዋጋ ተነግሮት የሦስት ኩንታል ተኩሉን ብራና ብዕር ሳይዝ ያሰላል። ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጻፉለት፤ ዝም ይላል። ዝም ያለበትን ምክንያት የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ፤ ከጥቂት ወር በኋላ ራሱም «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ያምናል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን መረዳቱን ትቶ መሸምደድ ይጀምራል፤ ሽምደዳው ሲያቅተውም ከጎረቤቱ መገልበጥን ይማራል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተቀምጦ ብቻውን ሲፈተን ባዶ እጁን የሚቀረው ይህ ልጅ ነው።

ኑሮውም አይረዳውም። ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ተማሪ ወረታ ላይ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ስንቁን በገበያ ቀን ከቤቱ ይጠብቃል፤ እንጀራው ሲሻግት ድርቆሽ ይበላል፤ ራሱ ያበስላል፤ ራሱ ያጥባል። ዕድሜው አሥራ አምስት ነው። አባትና እናቱ ከአጠገቡ የሉም፤ ቢኖሩም የእንግሊዝኛ ደብተሩን አንብበው «ይህ ምንድን ነው?» ሊሉት አይችሉም። ለሴቷ ልጅ ደግሞ መከራው እጥፍ ነው። በኪራይ ቤት ብቻዋን መኖሯ ለወላጅ ያሰጋል፤ ውጤቷ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ «ትምህርቱ ካልሆነላት» የሚል ቃል ይነሣል፤ ጥር ሲደርስም ሽማግሌ ይመጣል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ነገር ግን በዘጠነኛ ክፍል ውጤቷ ያማረ ልጅ ከሕጉ በላይ ጠበቃ አላት፤ አባቷ ራሱ ይከራከርላታል።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የተቋረጡት ዓመታት አሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ልጆችም ዓመታት አመለጧቸው። ሲመለስ ዕድሜው ከፍ ያለ፤ ከታናሾቹ ጋር መቀመጥ የሚያሳፍረው፤ የስምንተኛ ክፍሉን ትምህርት ግማሹን የረሳ ተማሪ አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ዘጠነኛ ገብተሃል፤ በል ተከተል» ማለት ሜዳው በውኃ ተሞልቶ ሳለ መንገዱን ፈልግ እንደ ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናከሪያ መስጠቱ አይበልጥምን? ፈተናው የደረሰባቸው እነርሱ ናቸው» ይሉናል። አስቸኳይነቱን አንክድም። ነገር ግን የሩዝን ነገር የሚያውቅ ሰው ይመስክር፤ አረሙ በክረምት ካልተነቀለ በኅዳር ማጭዱን ቢስሉት ምን ይጠቅማል? በሐምሌ ለሚፈተን ተማሪ በሰኔ የሚሰጠው ትምህርት የሚያነሣው መሠረት ያለውን ልጅ ነው፤ መሠረት የሌለውን ግን አለማወቁን ብቻ ያስታውሰዋል። ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥትና የመምህራን ሥራ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሥራው የእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ ክፍሉ በተማሪ ለተጨናነቀበት መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ጉድለት ፈልገህ አግኝ ማለት አይቻልም። ያንን ማገዝ ለእኛ ውርደት አይደለም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተብሎ በተጀመረው ሥራ፤ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይወጡ ነበር፤ አብዛኞቹም የሠሩት በማስተማር ነው። ያ ትውልድ ብዙ ተከራክሯል፤ ብዙም ተሳስቷል ይባላል። ባላገሩን ግን በዓይኑ አይቷል። እኛ የምንጠይቀው ዓመት አይደለም፤ የዕረፍት ጊዜያችንን ጥቂት ሳምንት ነው።

ስለዚህ በዚህ ግቢ ላለን የፎገራ ልጆች፤ የሌላውም ወረዳ ልጆች እንደየአገራቸው እንዲያስቡበት፤ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ፤ ከትምህርት ቤቶቹ ርእሳነ መምህራንና መምህራን ጋር ተስማምተን፤ ለአዲስ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የመሸጋገሪያ ትምህርት እንስጥ። ጎርፍ የማይደርስባቸውን ቦታዎች፤ ወረታን፤ ዓለም በርን የመሳሰሉትን እንምረጥ። ትምህርቱም ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፤ ክፍልፋይና ቀላል የሒሳብ ዐረፍተ ነገር፤ እንዲሁም የየትምህርቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር። እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ወገን እንግሊዝኛ፤ በሌላው ወገን አማርኛ የተጻፈበት ደብተር ይዞ ይውጣ።

ሁለተኛ፤ በአጨዳ ወራት ለሚቀሩ ልጆች የቀረባቸው ትምህርት በአጭሩ ተጽፎ ይቆያቸው፤ ሲመለሱም አንድ ሳምንት ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚያስጠናቸው ጎበዝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይመደብላቸው። ወላጁን አንውቀሰው፤ ሩዙ ካልታጨደ ስንቅም ደብተርም የለም። ነገር ግን «በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያስቀሩት፤ አምስቱን ቀን አይውሰዱብን» ብለን በአክብሮት ብንለምነው ይሰማናል።

ሦስተኛ፤ በወረታ ኪራይ ቤት ለሚኖሩት ተማሪዎች ማታ ማታ መብራት ያለው የማንበቢያ ክፍል ይከፈት፤ ለሴቶቹም የተለየ ሰዓትና ወደ ቤት የሚሸኝ ታማኝ ሰው ይኑር።

አራተኛ፤ በዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ መምህራኑ ራሳቸው የሚያዘጋጁት መመዘኛ ይሰጥ። ማንንም የሚጥል አይሁን፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ምን እንደጎደለው የሚነግር ይሁን። ውጤቱም ለወላጅ በአማርኛ በቃል ይነገረው፤ «ልጅዎ ሒሳቡን ያውቃል፤ የሚቸግረው እንግሊዝኛው ነው» ቢባል፤ ያ አባት ልጁን ከትምህርት ከማስቀረቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ከመምህሮቻችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ተማሪ በአማርኛ ሲጠይቃችሁ አትቆጡት፤ በአማርኛ ገብቶት በእንግሊዝኛ እንዲመልስ አስተምሩት። ነገሩን ሳይረዳ በእንግሊዝኛ «ገብቶኛል» ከሚል ልጅ፤ በአማርኛ «አልገባኝም» የሚለው ይሻላል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ወደዚህ ግቢ የደረስነው ከሌሎቹ በልጠን ብቻ አይደለም። ከብዙዎቻችን ኋላ በዘጠነኛ ክፍል «አይዞህ፤ ይህ እንዲህ ነው» ያለን ወንድም፤ እኅት ወይም መምህር ነበረ። ያ ሰው የሌላቸው ልጆች ዛሬም በፎገራ ሜዳ አረማቸውን አርመው፤ እግራቸውን ታጥበው፤ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ወረታ ይወጣሉ። ስለዚህ የሚቀጥለው ውጤት እስኪወጣና እንደገና እስክናዝን አንጠብቅ። በዚህ ሥራ መሳተፍ የሚፈልግ ሁሉ ከዕረፍቱ በፊት ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስሙን፤ የሚያስተምረውን የትምህርት ዓይነትና የሚችለውን ሳምንት አስመዝግቦ ይሂድ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።