ኖርማንዲ ሰው ይኖርበት ነበር

የኖርማንዲ ወረራ ሲወራ ደሜ ይፈላል። የምናየው ፊልም ሁሉ ከባሕር ይነሳል፦ ጀልባው፣ መትረየሱ፣ በደም የቀላው ውኃ። «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን»ን ያየ ሰው ያ አገር አሜሪካና ጀርመን እንዲፋለሙበት ባዶውን የተለቀቀ ሜዳ ቢመስለው አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 በፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ከባሕር የወረዱትን ወታደሮች ጀግንነት የሚክድ የለም። በዚያች ቀን ብቻ ከቃል ኪዳኑ ጦር ከ4,400 በላይ ሞተዋል። ግን በዘመቻው ያለቀው የኖርማንዲ ሲቪልም 20,000 ገደማ ነው፤ አብዛኛውን የፈጀው ደግሞ ነጻ አውጪው ከሰማይ ያወረደው ቦምብ! የያኔው የፈረንሳይ ፕሬዝዳንት ኦላንድ ካን ከተማ ላይ ቆመው ለእነዚህ ሙታን በይፋ ክብር የሰጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ምን ይጠበቅ ነበር?

የቃል ኪዳኑ ጦር ዕቅድ ከተሞቹን አፍርሶ፣ በፍርስራሹ መንገድ ዘግቶ፣ የጀርመንን ደራሽ ጦር ማዘግየት ነበር። ሊዚዩ፣ ቪር፣ ኩታንስ በዚሁ ነደዱ። ሴን ሎ ውስጥ ጀርመኖች እስር ቤት የቆለፉባቸው የፈረንሳይ አርበኞች ሳይቀሩ በወዳጅ ቦምብ አለቁ።

ካንን የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ በመጀመሪያው ቀን ሊይዛት አቅዶ ወር አለፈው። ጁላይ 7 ምሽት ከ450 በላይ አውሮፕላኖች ከ2,000 ቶን በላይ ቦምብ አራገፉባት። የራስ ወታደር እንዳይመታ ተብሎ ዒላማው ከግንባሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለነበር የጀርመን ምሽግ ብዙም አልተነካም፤ የተመታው ከተሜው ነው። በኋላ ወደ ከተማዋ የገቡትን የእንግሊዝ ታንኮች መንገድ የዘጋባቸውስ? የገዛ አውሮፕላኖቻቸው የከመሩት ፍርስራሽ! ከወታደሮቹ መውረጃዎች አንዱ በሆነው ኦማሃ ዳርቻ ላይም እንዲሁ፣ በዚያው ጥንቃቄ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ የተጣለው ቦምብ ምሽጎቹን አልፎ ማሳ ላይ ወደቀ። ለወታደር ሰከንድ የሚቆጥር አዛዥ ለካን እናቶች አንዲት ደቂቃ አጣ? ይህን «የማይቀር መሥዋዕትነት» እያለ የሚጽፍ የታሪክ ጸሐፊ በዚያች ሌሊት በካን የተገኘውን ድል ቆጥሮ ያሳየኝ።

«በጦርነት ጭስ ማን አይቶ?» የሚለኝም አይጥፋ። ከወረራው በፊት፣ በሜይ፣ የፈረንሳይ የባቡር መስመሮች ድብደባ የሚጨርሰው ፈረንሳዊ ቁጥር የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልን አስጨንቆት ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት ለሩዝቬልት ጽፎለታል። ሩዝቬልት የአዛዦቼን እጅ አላስርም ብሎ መለሰ። ቦምቡም ቀጠለ።