የበጋ ዝናብና የላፍቶ ላሞች መኖ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እህል ይበቅልባቸው የነበሩ በርካታ ማሳዎች ዛሬ የመኖሪያ መንደር ሆነዋል። ከብቶች በበጋ አዝመራ በተነሣበት ማሳ የሚሰማሩበት ልማድም አብሮ ጠብቧል። በመሆኑም የአካባቢው ወተት አምራች በጋውን የሚሻገረው በገዛው ድርቆሽ፣ ገለባና ፉርሽካ ነው።

ድርቆሹ በበኩሉ በሰማዩ ጠባይ ይወሰናል፤ ክረምት ያበቀለው ሣር ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃልና። በካናዳ ታጭዶ በማሳ ላይ የተተወን መኖ ውርጭ ከመበስበስ ሲጠብቀው፣ እዚህ ጠባቂው ደረቅ አየር ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ፣ በጥቅምትና በኅዳር ምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ አስተናግዷል። እንዲህ ያለው ዝናብ የቆላውን ግጦሽ ቢያለመልምም የታጨደውን የደጋ ሣር ያሻግታል። ማሳም ሰፊ መጋዘንም ለሌለው የላፍቶ አርቢ የበጋው ትንበያ ድርቆሽ ከመግዣው ጊዜ በፊት ሊደርሰው ይገባል።